ንፋስ ሲበረታ የሚወርደው እጅጌ

ለተከበሩ የፈጣን መንገድ አስተዳደር ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለሾፌርዎና በተለይም ለዚያ ግዙፍ ጥቁር መኪናዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። መኪናዎን ከሰላምታው ያላስቀረሁት ለነገር አይደለም፤ ባለፈው ወር ድልድዩ ላይ ሽው ብሎ ሲያልፈን የእኛን ትንሽ መኪና አንድ ክንድ ያህል ወደ ጎን ስለገፋት፣ ከዚያን ቀን ወዲህ እንደተዋወቅን ቆጥሬው ነው።

እኔ ስፌት ሠራተኛ ነኝ። የደንብ ልብስ፣ መጋረጃና የጭነት መኪና ሸራ ስሰፋ ሠላሳ ዓመት ሞልቶኛል፤ በነዚህ ሁሉ ዓመታት ደንበኞቼ ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው ከማለት በቀር ሌላ ስም አላወጡልኝም። በመሥሪያ ቤትዎ መዝገብ ላይ ግን በአራት ወር ጊዜ ውስጥ “ተደጋጋሚ አጥፊ” ተብዬ ሰፍሬያለሁ። ሌላው ሰው እዚህ ማዕረግ ላይ ለመድረስ ስንት ዓመት እንደሚለፋ አላውቅም፤ እኔን ግን ብዙ ሳታንገላቱ ስለሰጣችሁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ባለፈው ማክሰኞ በደረሰኝ ሦስተኛውና የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ መሠረት፣ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ለስድስት ወር ያህል በፈጣን መንገዱ ላይ እንዳልነዳ ታግጃለሁ። ሰኞ ባለቤቴ የኩላሊት እጥበት የሚያደርግበት ቀን ነው። ረቡዕም እንዲሁ፣ ዓርብም እንዲሁ። እኛ ባለንበት ከተማ እጥበት የሚሰጥ ቦታ ስለሌለ፣ ሆስፒታሉም የሚገኘው በመንገድዎ ማዶ ጫፍ፣ ስልሳ አራት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ስለሆነ፣ በሳምንት ስድስት ጊዜ መንገድዎን እንረግጣለን። አሮጌው መንገድ ተራራውን ዞሮ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ አውቶቡሱም ሞክረነዋል፤ ከመናኸሪያው እስከ ሆስፒታሉ በር ያለውን መንገድ ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ተቀምጦ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ወድቆ ጨርሶታል። እንግዲህ የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ምስጋና ነው።

ባለቤቴን ሳያውቁት አይቀሩም። ሃያ ሰባት ዓመት የረጅም መንገድ አውቶቡስ ነድቷል፤ ተሳፋሪዎቹም “እንቁላል ጫኝ” ነበር የሚሉት፣ ሰው ሳይሆን እንቁላል የጫነ ይመስል አንድም ቀን በድንገት ፍሬን ረግጦ ስለማያውቅ። ኩላሊቶቹ እምቢ ካሉ ወዲህ ግን ሐኪሞቹ መሪ እንዳይነካ ከልክለውታል። ስለዚህ ከሦስቱ የስፌት መኪኖቼ ሁለቱን ሸጥኩና አንዲት አዲስ ትንሽ መኪና ገዛሁ፤ በሃምሳ ሦስት ዓመቴም መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ጎረቤቶቻችን መኪናዋን ባዩ ጊዜ “ሳሙና” ብለው ስም አወጡላት። በመጠኗ መስሎኝ ስቄ ዝም አልኩ፤ ፈጣን መንገዱ ላይ በወጣሁ ቀን ግን ስሙ በሌላም በኩል እንደሚስማማት ተረዳሁ።

አሁን በትሕትና ወደማቀርባቸው አምስት ነጥቦች ልለፍ።

አንደኛ፤ ስለ ዝቅተኛው የፍጥነት ወሰን። ሳሙና ከተማ ውስጥ ጨዋ ናት፤ ወዲህ ስላት ወዲህ፣ ወዲያ ስላት ወዲያ ትላለች፣ ሌላው መኪና ዞሮ ዞሮ የሚያጣውን ማቆሚያ እሷ ሽልክ ብላ ትገባበታለች። ፈጣን መንገዱ ላይ ግን ስልሳ ስትደርስ መንቀጥቀጥ፣ ሰባ ስትደርስ መቅበዝበዝ ትጀምራለች። መሪዋን በጣቴ ጫፍ ነካ ባደርገው መስመሩን ልትለቅ ትቃጣለች፣ ልመልሳት ስል ደግሞ አልፋ ትሄዳለች። የጭነት መኪና ከኋላ ሲመጣ መጀመሪያ ይገፋታል፣ ጎን ለጎን ሲሆን ወደ ራሱ ይስባታል፣ ሲያልፍ ደግሞ እንደ ባዶ ጣሳ ወርውሯት ይሄዳል። ይህን ማንም አልነገረኝም። የመንጃ ትምህርት ቤቱ አስተማሪ ሦስት ሳምንት ሙሉ በሁለት በርሜሎች መካከል ወደ ኋላ መግባት ነው ያስተማረኝ፤ እግዜር ይስጠው፣ ዛሬም ሁለት በርሜል ባገኝ ማንም አይቀድመኝም።

በመጀመሪያው ቀን በሃምሳ ሁለት ነዳሁ። መዳፌ በላብ ርሶ፣ ትከሻዬ ጆሮዬ ድረስ ወጥቶ ነበር። ባለቤቴ ከጎኔ ተቀምጦ በቀኝ እግሩ እሱ ዘንድ የሌለ ፍሬን ሲረግጥ ስልሳ አራቱን ኪሎ ሜትር ጨረሰ፣ የወለሉ ምንጣፍ ገና በሳምንቱ እዚያ ቦታ ላይ ሳሳ። ከኋላችን ያለው ሁሉ ክላክሱን እየነፋ እናቴንም አባቴንም አስታወሰልኝ። ሁላችን በሕይወት ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ድል ያደረግሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ የእርስዎ ካሜራ ከሰባ በታች በመንዳቴ ፎቶዬን አንስቶኛል። በፎቶው ላይ ዓይኔ ተጨፍኗል። በሕግ አንቀጽ ያልተጠቀሰብኝ እሱ ብቻ ስለሆነ ለትዕግሥታችሁ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ መንገዱ ትከሻ። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ካስደነገጠኝ በኋላ ሰባን ላለማጣት እየታገልኩ፣ የጭነት መኪና በመጣ ቁጥር ግን ከቢጫው መስመር ወዲያ ባለው ባዶ ቦታ ፈቀቅ እል ነበር። ትልቅ ሰው ሲመጣ መንገድ መልቀቅ ጨዋነት ነው ብዬ ነው። መሥሪያ ቤትዎ ይህ ቦታ “ለአደጋ ጊዜ ብቻ” የተፈቀደ መሆኑን በሁለተኛው ደብዳቤ አስታውሶኛል። ክቡር ሆይ፣ አሥራ ስምንት ጎማ ያለው ነገር ጆሮዬ ሥር እያጓራ እኔ ብርጭቆ ብርጭቆ በሚያህሉ አራት ጎማዎች ላይ ተንጠልጥዬ ሳለሁ፣ ያ አደጋ ካልሆነ ምን እንደሚባል ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ሆኖም ደንብ ደንብ ነው፤ ተቀብዬ ፈርሜያለሁ።

እዚህ ላይ ለእርስዎ የማይገባ አንድ ምስጋና በመካከል ማስገባቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ምስጋናው የሚገባው በመግቢያው በር አጠገብ ለሚሠራው ጎሚስታ ነው። አንድ ጠዋት ሳሙናን ዞር ዞር ብሎ አያትና ልትበሩ ነው እንዴ ብሎ ጠየቀን። ለካ አዲስ መኪና ብዙ ወር በግቢ ሲቆም ጎማው እንዳይጣመም ንፋሱ ከልክ በላይ ይሞላል፣ ሻጩ ደግሞ ለገዢ ሲያስረክብ ማስተንፈስ አለበት፤ የእኛ ሻጭ መቀመጫውን በላስቲክ ማስዋብ አልረሳም፣ ይህችን ግን ረስቷል። እኔ እንግዲህ ለሳምንታት ያህል በአራት ድንጋይ ላይ ስነዳ ኖሬያለሁ። ባለቤቴ ሃያ ሰባት ዓመት ጎማ ሲረግጥ የኖረ ሰው ይህን ሳያይ በመቅረቱ አፍሮ ሁለት ቀን አኮረፈ፤ ማንን እንዳኮረፈ ግን አልነገረኝም።

ከኩርፊያው ሲመለስ ማስተማር ጀመረ። መሪውን የያዝኩበትን እጅ አየና፣ ሰው አንቄ የምገድል መስሎኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከዚያ፣ አንቺ ሴትዮ፣ ጨርቁን መርፌው ሥር ትመሪዋለሽ እንጂ ትጎትቺዋለሽ እንዴ? አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የሚሰፋ ሰው መርፌዋ ላይ ካፈጠጠ ስፌቱ ይወላገዳል፤ ዓይን ማረፍ ያለበት ከመርፌዋ ወዲያ፣ ጨርቁ ወደሚመጣበት ነው፣ እጅም ለቀቅ ይላል። ሠላሳ ዓመት በእጄ የማውቀውን ነገር ከሳሙና አፍንጫ በታች ባለው አስፋልት ላይ አፍጥጬ ረስቼው ኖሬያለሁ። ዓይኔን ሩቅ ስጥል፣ እጄን ሳላላ፣ ነዳጁንም እንደ ስፌት መኪናዬ ፔዳል ቀስ እያልኩ ስረግጥ ሳሙና አደብ ገዛች። የጭነት መኪና ሲመጣ እንደሚገፋኝ፣ እንደሚስበኝ፣ እንደሚለቀኝ አስቀድሜ ስለማውቅ በየተራው ትንሽ ትንሽ እመልስላት ጀመር። ሰባ አምስት ገባሁ። ሰማንያ ገባሁ። አንድ ዓርብ ከእጥበት ስንመለስ፣ በሌላ ሰው መሪ ዓይኑን ከድኖ የማያውቀው ባለቤቴ አንገቱን ጣል አድርጎ ተኛ። ብዙ ሰው ሥራዬን አመስግኖኛል፤ የዚያን ቀን ማንኮራፋቱን ያህል ግን ያስደሰተኝ የለም። መንገዱ እስኪያልቅ በዓይኔ እንባ ግጥም ብሎ ነው የነዳሁት፣ ይህንንም ካሜራችሁ ስላላየልኝ ደግ ሆነ።

ሦስተኛ፤ ስለ ድልድዩ። ድልድዩ በሁለቱ ተራሮች መካከል እንዳለ፣ ንፋሱም ከሸለቆው እየተጠራቀመ እንደሚወጣ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ ለዚህም ነው ከድልድዩ በፊት ረጅም ምሰሶ ያስተከሉት። በምሰሶው ጫፍ ላይ ንፋስ ሲኖር ተነፍቶ የሚወጠር፣ ንፋስ ሳይኖር ተልፈስፍሶ የሚንጠለጠል ቀይና ነጭ ከረጢት አለ። ሌላው ሰው ምን እንደሚለው አላውቅም፤ እኔ በሙያዬ እጅጌ ነው የምለው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆረጠው እንደ እጅጌ ስለሆነ። ከሥሩም ሰሌዳ አለ፤ “ከረጢቱ ተወጥሮ ከታየ ፍጥነትዎን ከሃምሳ በታች ያድርጉ” ይላል። ይህን ያሰበው ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም ምስጋናዬ ይድረሰው፤ እንደ ሳሙና ላለች ቀላል መኪና የተጻፈ ደብዳቤ ነው።

በአራት ወር ውስጥ ያንን እጅጌ ተወጥሮ አይቼው አላውቅም። ሁልጊዜም ተልፈስፍሶ ይንጠለጠላል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ምሰሶው ባዶውን ይቆማል፤ እኔም የዋህ፣ ንፋስ ከሌለ ምን ይሠራል፣ ለማጠብ ወስደውት ይሆናል እያልኩ በሰማንያ አልፋለሁ።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ረቡዕ ቀን ከሆስፒታል ስንመለስም ምሰሶው ባዶ ነበር። እዚህ ላይ ስለ ባለቤቴ ግራ ክንድ መናገር ይኖርብኛል። ሐኪሞች በዚያ ክንድ ውስጥ ሁለት የደም ሥሮችን አገናኝተው ሁለቱ ወፋፍራም የእጥበት መርፌዎች የሚገቡበትን ቦታ አበጅተውለታል። የቀኙ ክንድ ተሞክሮ ከሁለት ዓመት በፊት ከሽፏል፤ የቀረው ይኸው ነው። የእጥበት ክፍሉ ሲስተር በዚህ እጅህ ከአንድ ብርጭቆ ውሃ የከበደ ነገር እንዳታነሳ ብላ በየጊዜው ታስጠነቅቀዋለች፤ እኔም ሸሚዞቹን በሙሉ የግራ እጅጌያቸውን ቀድጄ ከብብት እስከ አንጓ በዚፕ የሚከፈቱ አድርጌለታለሁ፣ ጨርቁ እንኳ እንዳይጫነው ብዬ። ያን ቀን መርፌዎቹ ከወጡ ገና አንድ ሰዓት ቢሆናቸው ነው፤ ክንዱ በነጭ ፋሻ ታስሮ ጭኑ ላይ አርፎ ነበር።

ድልድዩ መሃል ስንደርስ ንፋሱ ከግራ በኩል መታን። መታን ነው የምለው፤ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። በዚያው ቅጽበት አንድ የጭነት መኪና እያለፈን ስለነበር አንዴ ከለለልን፣ አልፎ ሲሄድ ደግሞ ንፋሱ እንደገና ተመልሶ መጣ። ሳሙና ወደ ብረቱ አጥር ሄደች። መሪውን ያዝኩት፣ ጨመቅኩት፣ የተማርኩት ሁሉ ከራሴ ላይ ብን ብሎ ጠፋ። ባለቤቴ ፍሬን እንዳትነኪ ሲል ሰማሁ፤ ወዲያው እጁ ከእጄ በላይ መሪው ላይ ነበር። ግራ እጁ። ለእኔ የሚቀርበው እሱ ነውና አላሰበበትም፤ ሃያ ሰባት ዓመት ሰው ሲያድን የኖረ እጅ ሲስተሯን መች ያስታውሳል። ሁለታችንም በአንድ ላይ ስንይዝ፣ እግሬንም ከነዳጁ ላይ ሳነሳ፣ ሳሙና አጥሩን ለመንካት አንድ ስንዝር ያህል ሲቀራት ተመለሰች። ሠላሳ ስምንት ላይ ወርደን ነበር። ከዚያ ሞቅ ያለ ነገር ጉልበቴ ላይ ጠብ ሲል ተሰማኝ፣ ፋሻው ቀልቶ ነበር።

እስከ ቀጣዩ መውጫ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ዞረን ወደ ሆስፒታሉ። እሱ በቀኝ አውራ ጣቱ ቁስሉን ተጭኖ ይዞ፣ ደህና ነኝ፣ ሩቅ እይ፣ ሩቅ እይ ይለኝ ነበር። ሲስተሯ አርባ ደቂቃ ያህል ስትጫነው ቆየች። ክንዱ አብጦ ጠቆረ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ እጥበቱ የተካሄደው አንገቱ ላይ በተከሉለት ቱቦ ነው። ሐኪሙ ክንዱ በተአምር ተርፏል፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰበት ግን ሌላ የምንሞክረው ቦታ የለንም ብሎናል። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈርቻለሁ። ፌዙን ለጊዜው ወደ ጎን ትቼ ልንገርዎት፣ ድልድዩ በተቃረበ ቁጥር ቆሜ መመለስ ያምረኛል። ግን እሱ ከጎኔ አለና አልመለስም።

ካሜራችሁ ያነሳን ድልድዩ ላይ፣ እጁ እጄ ላይ ባረፈባት በዚያች ቅጽበት ነው። በሦስተኛው ደብዳቤ ላይ ሁለት ጥፋቶች ተዘርዝረዋል፤ አንደኛው “በሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር ፍጥነት በመንዳት ትራፊክ ማስተጓጎል”፣ ሁለተኛው “መሪን ከአንድ ሰው በላይ መያዝ” የሚል ነው። ፎቶው ጥራት አለው። ሸሚዙ፣ ዚፑ፣ መቅላት የጀመረው ፋሻ፣ በእጄ ላይ ያለው እጁ፣ ሁሉም ይታያል። ሁለታችን አብረን ፎቶ ከተነሳን ስድስት ዓመት አልፎን ስለነበር ቆርጬ ፍሬም ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ለዚህ ያለ ምንም ሽሙጥ አመሰግናለሁ።

አራተኛ፤ ስለ መሥሪያ ቤትዎ ንጽሕና። ሐሙስ ዕለት አቤት ለማለት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ የተቀበለኝ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ነው፤ እንዲህ ያለ ትሁት ሰው አይቼ አላውቅም፣ ወንበሩን በመሃረብ ጠርጎ ነው ያስቀመጠኝ። ከኋላው መደርደሪያ ላይ አንድ ቀይና ነጭ ነገር እንደ አዲስ አንሶላ በአራት ታጥፎ ተቀምጧል። ሰፊ ነኝና ጨርቅ አይቼ አላልፍም፤ የድልድዩ እጅጌ እንደሆነ ወዲያው አወቅኩት። ውጭ ዛፎቹ እስኪጎብጡ ይነፍስ ነበር። ምነው ዛሬ አልተሰቀለም ብዬ ብጠይቀው፣ እሱ ደግሞ በእኔ አለማወቅ አዝኖ፣ እንዴ እናቴ፣ ንፋስ ሲበረታማ እናወርደዋለን፣ ይቀደዳላ! አለኝ። አምና አንዱ ተቀድዶ ስለጠፋ በግምገማ ላይ ክፉኛ እንደተወቀሱ፣ ከዚያ ወዲህ ግን ንፋስ የመጣ መስሎ ከታየ ሠራተኛ በሞተር ብስክሌት ልከው ወዲያው እንደሚያስወርዱት፣ ንፋሱ ሲያልፍም መልሰው እንደሚሰቅሉት፣ በዚህም የተነሳ ከረጢቱ ዓመት ሙሉ አንድ ክር እንኳ እንዳልተመዘዘበት በኩራት አስረዳኝ።

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ያላመንኩት መስሎት፣ መዝገቡን አውጥቶ አሳየኝ። ክቡር ሆይ፣ መዝገቡ እጅግ ያማረ ነው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ምክንያት፣ ፊርማ ተብሎ ተሰምሯል። ከሦስት ሳምንት በፊት ያለውን ረቡዕ ፈለግሁት። “ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአሥር፤ በኃይለኛ ንፋስ ምክንያት ወርዶ በደህና ተቀምጧል” ይላል። የእኔ ፎቶ ላይ የታተመው ሰዓት ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ነው። አርባ ሁለት ደቂቃ። መሥሪያ ቤትዎ ንፋሱ ኃይለኛ መሆኑን ከእኔ አርባ ሁለት ደቂቃ ቀድሞ አውቋል፣ ጽፏል፣ ፈርሟል፤ ያወቀውን ግን ለሚያልፈው ሰው የሚነግርበትን አንድ ነገር ከምሰሶው አውርዶ መደርደሪያ ላይ አስቀምጧል። እጅጌው እዚያ ቢሆን ኖሮ ተወጥሮ አየው ነበር፣ ባየውም በራሳችሁ ሰሌዳ መሠረት ከሃምሳ በታች እገባ ነበር፣ ባለቤቴም እጁን ከጭኑ ላይ አያነሳም ነበር። በሠላሳ ስምንት መንዳቴ ጥፋት የሆነው ጨርቁ ስለተቀመጠ ብቻ ነው። ትሁቱ ሰው የመዝገቡን ገጽ ግልባጭ ያለ ምንም ማንገራገር ሰጥቶኛል፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። እባክዎ አይቆጡት፣ መሥሪያ ቤቱ በመዝገቡ ኮርቶ ነው።

አምስት ነጥብ አለኝ ብዬ ነበር። አምስተኛው ስለ መጸዳጃ ቤቱ ነበር፣ ይቅር፣ አራተኛው ከሆዴ አልወጣልኝም።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሦስተኛው ማስጠንቀቂያና እገዳው ይነሳልኝ። ይህ የማይቻል ከሆነ ለሥራችሁ እንዲቀል አስቀድሜ ላሳውቅዎ፤ ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ከነገ ወዲያ ሰኞ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል በመግቢያው በር ላይ እገኛለሁ። በሩ ከተከፈተልኝ እነዳለሁ። ካልተከፈተልኝ ደግሞ ባለቤቴን ከነቀበቶው፣ ከነብርድ ልብሱና ከነሆስፒታል ካርዱ ለተረኛችሁ አስረክቤ አስፈርማለሁ፤ ሁለት ሰዓት ላይ እዚያ መድረስ አለበት። የሚወስደው ሰው በድንገት ፍሬን እንዳይዝ፣ ግራ ክንዱን እንዳይነካ፣ ሬዲዮውንም ጮክ እንዳያደርግበት አደራ እላለሁ። ሲመለስ ይተኛል፤ የሚነዳው ሰው ካልጣመው ግን አይተኛም፣ ምንጣፉን ይረግጣል።

ለሚሰጡኝ መልስ አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ መሪዎን የሚይዝልዎ ሾፌር እንዳይለይዎ፣ ጥቁሩ መኪናዎ እንደከበደ እንዲኖር፣ በሚያልፉበት ድልድይ ሁሉ ነፋሱ ዝም እንዲልልዎ ከልቤ የምመኝ፣

በመዝገብዎ ተደጋጋሚዋ አጥፊ፣
በሙያዋ ሰፊ፣
በሳምንት ስድስት ጊዜ መንገደኛዎ።

ማሳሰቢያ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ጥቅል ደርሶዎታል። በቀረችኝ አንዲት የስፌት መኪና የሰፋሁት የድልድይ እጅጌ ነው። ልኩን ሐሙስ ዕለት ሠራተኛዎ መዝገቡን ሊያወጣ ዞር ሲል በስንዝሬ ለካሁት። ጨርቁ የጭነት መኪና ሸራ ነው፣ ስፌቱ ሦስት እጥፍ ነው፣ አፉ ላይ ሽቦ አለው፤ ተረኛው ሠራተኛ ንፋስ ሲመጣ ይስቀለው እንጂ አያውርደው። ይቀደዳል ብላችሁ አትስጉ፤ ቢቀደድ ላኩልኝ፣ በነጻ እሰፋዋለሁ። እኔ የምሰፋው እጅጌ ነው፣ ክንድ መስፋት አልችልም።